ፌስታል ያንጠለጠልን ተመላላሾች

በእኛ ሰፈር፣ በሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ግራና ቀኝ፣ ሰው ሲታመም መጀመሪያ የሚያሳስበው ሕመሙ አይደለም፤ ወረቀቱ ነው። የመድን ደብተሩ ታድሷል? ሪፈሩ ጊዜው አላለፈም? ፎቶ ኮፒው የት ገባ? ከዚያ ፌስታል አንጠልጥሎ ታክሲ ወረፋ ነው። ፌስታሉ ውስጥ የራጅ ፊልም፣ ያለፈው ዓመት የላብራቶሪ ውጤት፣ ጽሑፉ የማይነበብ ማዘዣ፣ ማህተሙ የደበዘዘ ደብዳቤ አለ። የከተማችን ሕክምና ቤቶች እርስ በርስ የሚነጋገሩት በዚሁ ፌስታል ነው፤ ፌስታሉ ከጠፋ በሽተኛውም አዲስ ሰው ነው።

መድኑን የምጠላ እንዳይመስላችሁ። ማህበረሰብ አቀፍ የጤና መድን በ2003 ዓ.ም. በአራት ክልሎች በ13 ወረዳዎች ለሙከራ ሲጀመር፣ በአማራ ክልል ደቡብ አቸፈር፣ ፎገራና ተሁለደሬ ነበሩበት። ላም ሸጦ ይታከም የነበረ ገበሬ በዓመት አንዴ መዋጮውን ከፍሎ ቤተሰቡን ማሳከም መቻሉ ቀላል ነገር አይደለም። ወደ አዲስ አበባም ዘግይቶ መጣልን። እሰየው ብለን ተመዘገብን፤ ደብተር ወሰድን፣ ፎቶ ለጠፍን።

ጣጣው የሚጀምረው ደረጃውን ስንወጣ ነው። መጀመሪያ ጤና ጣቢያ፤ ከአቅሙ በላይ ሲሆን ሪፈር ይጻፍልሃል፤ ሪፈር ከሌለህ ሆስፒታሉ በመድን አያይህም። በወረቀት ላይ ሲያዩት ልክ ነው፤ ጉንፋን የያዘው ሁሉ ሆስፒታል እንዳያጨናንቅ ነው። ግን ስኳርና ግፊት አብረዋቸው የኖሩ፣ የሆስፒታል ክትትል ያላቸው አንዲት የግቢያችን እናት አሉ። ቀጠሯቸው ደርሶ፣ ሌሊት ተነስተው፣ ሳይቀምሱ ሄደው መስኮቱ ላይ ደረሱ።

«ማዘር፣ ሪፈርዎ ጊዜው አልፏል። ከጤና ጣቢያ አሳድሰው ይምጡ።»

«የኔ ልጅ፣ በሽታዬ እኮ ያው ነው፤ እሱ መቼ ታደሰ?»

ልጁ ሳቀ፤ ግን አላሳለፋቸውም። እሱስ ምን ያድርግ፤ ያለ ሪፈር ያለፈ ሒሳብ ከመድን አይመለስም፤ ተጠያቂው እሱ ነው። ጤና ጣቢያ ሲወርዱ ደግሞ ሪፈር የሚጽፈው ባለሙያ ስብሰባ ገብቷል። ሰዓቱ አለፈ፣ ቀጠሮው ተቃጠለ። ሆስፒታሉ ካርዳቸውን ይዟል፣ ጤና ጣቢያው የቤተሰብ ፎልደራቸውን ይዟል፣ ወረዳው መዋጮአቸውን ይዟል። እሳቸውን የያዘ ግን የለም።

መድኃኒት ቤቱን ሳነሳ ደሜ ይፈላል። ስድስት መድኃኒት ታዞ ሁለቱን ታገኛለህ፤ ሌላው ላይ «የለም» ይባልና «ውጭ ግዛ» ይከተላል። ውጭ ማለት በራስህ ኪስ ማለት ነው። ይህም ሥር አለው፦ ጤና ተቋሙ አስቀድሞ በራሱ ወጪ ያክምሃል፣ ሒሳቡን ሰብስቦ ለመድን ያቀርባል፣ ይመረመራል፣ ከዚያ በኋላ ነው ገንዘቡ የሚመለስለት። ክፍያው በዘገየ ቁጥር የመድኃኒት መደርደሪያው ይራቆታል። ሰው ባይናገረውም «መድን ነህ ወይስ ከፋይ?» የሚለው ጥያቄ ድምፀት ከዚያ የመጣ ይመስለኛል። ከፋዩ ዛሬ ጥሬ ገንዘብ ያመጣል፤ እኛ ደግሞ የዱቤ ደንበኞች ነን።

ሌላም አለ። መድኑ በአብዛኛው የሚከፍለው በተሰጠው አገልግሎት ልክ ነው። ባለፈው ሳምንት አንዱ ጋ የተሰጠ የደም ምርመራ ዛሬ ሌላው ጋ ቢደገም፣ ሁለተኛ ደረሰኝ ነው እንጂ የማንም ራስ ምታት አይደለም። ደም የሚቀዳው እጅ የእኛ፣ የሚቀነሰውም ገንዘብ እኛ ያዋጣነው።

አሜሪካኖች ለዚህ ችግር አንድ መላ ሞክረዋል፤ እ.ኤ.አ. በ2010 በወጣው የጤና ሕጋቸው መሠረት ከ2012 ጀምሮ። ሐኪሞችና ሆስፒታሎች ተሰባስበው በሜዲኬር፣ ማለትም በመንግሥታዊው የአዛውንቶች መድን፣ የሚታከሙ ሰዎችን በጋራ ይረከባሉ። ጥራቱ ሳይወርድ ዓመታዊ ወጪው ከተተመነው በታች ከሆነ ከተረፈው ገንዘብ ይካፈላሉ፤ አንዳንዱ ውል ደግሞ ወጪው ከበለጠ ያስከፍላቸዋል። ስለዚህ አዛውንቷ መድኃኒታቸውን ስላለመውሰዳቸው፣ ከሆስፒታል ወጥተው በሳምንቱ ስለመመለሳቸው የሚጨነቅ ሰው በደመወዝ ተቀጥሯል። እነሱም የራሳቸው ምሬት አያጡም፤ ሐኪሞቻቸው ቅጽ መሙላት ሰለቸን ይላሉ። ቅጹን ሐኪሙ መሙላቱ ራሱ አስቀናኝ።

ከፒያሳ ተነስተው ዳር ከተማ ኮንዶሚኒየም የገቡት ጎረቤቶቻችንማ ብሶታቸው የባሰ ነው። ደብተራቸው በድሮው ወረዳ፣ ክትትላቸው በድሮው ሆስፒታል፣ ቤታቸው ደግሞ ሁለት ታክሲ ርቆ። ዝውውር ለማስጨረስ ሲመላለሱ ድልድዩ ጋ አገኛቸዋለሁ፤ ሰላምታችን እንኳ «አሳደስክ?» ሆኗል።

የመንግሥት ሠራተኛው ጎረቤታችን ደግሞ ይስቅብናል። ለእሱ የታሰበው የማህበራዊ ጤና መድን አዋጅ ቁጥር 690/2002 ከወጣ ስንት ዓመቱ! ከደመወዙ 3 በመቶ እሱ፣ 3 በመቶ አሠሪው ይከፍላሉ ተብሎ ነበር። ሊጀመር ነው ሲባል ይራዘማል፣ እንደገና ሊጀመር ነው ይባላል፣ እንደገና ይራዘማል። «እናንተ ቢያንስ ጊዜው የሚያልፍበት ሪፈር አላችሁ» ይለናል። እኛም የመዋጮ ማሳደሻው ወር ሲደርስ፣ እያጉረመረምን ወረዳ ሄደን እንሰለፋለን።