የመኪናው መኝታ ይቅደም

ብሮድ የተባለው የቻይና ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2015 በቻንግሻ ከተማ ባለ 57 ፎቅ ሕንፃ በ19 የሥራ ቀናት ገጣጥሞ ማቆሙን ባስነገረ ጊዜ ብዙ ሰው ጉድ አለ። ወለሉና ምሰሶው ፋብሪካ ውስጥ ተሠርቶ ስላለቀ፣ ቦታው ላይ የቀረው በቀን ሦስት ፎቅ እየደረደሩ ብሎን ማጥበቅ ነበር። እንዲህ ያለ ጥድፊያ ግን ነውር ነው። ለሰው ቤት በፍጥነት ይድረስ ተብሎ ዋናው ባለጉዳይ መኪና እንዴት ይዘነጋል? ደግነቱ የብዙ የአሜሪካ ከተሞች ደንብ አርቆ አስቧል፤ አፓርታማ ልሥራ የሚል ሁሉ ስንት መኪና እንደሚያሳድር አስቀድሞ ይቆጥራል። ፎቅ በፋብሪካ ይመረታል፤ በፋብሪካ የተመረተ ጉድጓድ ግን እስካሁን አልተሰማም። ስለዚህ ላይ በቀናት የተቆጠበው ጊዜ ታች በወራት ቁፋሮ ይከፈላል።

የዚህን አስተሳሰብ ፍሬ ማየት የሚሻ ሎስ አንጀለስ ያለውን የዋልት ዲዝኒ የሙዚቃ አዳራሽ ይመልከት። 2,188 መኪና የሚይዘው ባለ ስድስት ደርብ የምድር ቤት ማቆሚያ በ110 ሚሊዮን ዶላር ተሠርቶ በ1996 አለቀ። አዳራሹ የተከፈተው በ2003 ነው። ሰባት ዓመት ሙሉ ማቆሚያው ነበር፤ ሙዚቃው አልነበረም። ሲከፈትም የማቆሚያው ዕዳ መከፈል ስላለበት በየወቅቱ ቢያንስ 128 ኮንሰርት እንዲቀርብ በውል ታሰረ፤ ቫዮሊኑም ለኮንክሪቱ ተቀጠረ ማለት ነው። የጉዳዩ ሊቅ ዶናልድ ሹፕ ካሰባሰባቸው ደንቦች መካከል ለሴቶች ገዳም በ10 መነኮሳት አንድ ማቆሚያ የሚያዝ አለ። ዓለምን የናቁት እህቶች መኪናን እንዳይንቁ መሆን አለበት።

“ደንቡ ቢነሳ መንገዱ በመኪና ይጣበባል” የሚሉ አሉ። ስጋታቸው ከንቱ አይደለም፤ ነገር ግን ግዴታን ማንሳት ማቆሚያን መከልከል አይደለም። የአሜሪካዋ ቡፋሎ ከተማ በ2017 ግዴታውን ስታነሳ አንዳንዱ አልሚ ከቀድሞው ያነሰ፣ ሌላውም የበለጠ ሠራ፤ ሁሉም ገበያውን አይቶ። መንገድ ዳር የሚያቆመውን ደግሞ ማስከፈል ይቻላል። ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ ብዙ ወገኖቻችን በፓርኪንግ ሥራ ይተዳደራሉና “እንጀራቸውስ?” የሚል ይኖራል። እንጀራቸው የሚወጣው ከሚያስከፍለው ማቆሚያ ነው፤ በግዴታ ተሠርቶ በነፃ የሚሰጠው ሒሳብ ተቀባይ አይቀጥርም።

አንድ መኪና መግቢያ መውጫው ሲታሰብ 30 ካሬ ሜትር ገደማ ይይዛል፤ አዲስ አበባ ውስጥ ባለ አንድ መኝታ ኮንዶሚኒየም ቤተሰብ የሚያሳድርበት ስፋት ነው። ወጪው ኪራይ ላይ ስለሚደመር በአውቶቡስ የሚሄደው ተከራይም ድርሻውን በየወሩ ይከፍላል። ቅር ካለው መኪና ይግዛ፤ ቦታው እንደሆነ ተዘጋጅቶለታል።