ስለ ታላቁና ስለ ታናሹ ትምህርት ቤት

በአዲስ አበባ ክረምት ሲገባ ልጁን ለማስመዝገብ የሚዞር አባት ሁሉ፣ ከሊቃውንት ጉባኤ የከበደ ክርክር በልቡ ይዞ፣ ታላቁ ትምህርት ቤት ይሻል ይሆን ወይስ ታናሹ እያለ ሲወጣና ሲወርድ ይታያል። ታላቁ ባለ አራት ፎቅ ሆኖ፣ ሕፃኑ በስሙ ከመታወቁ አስቀድሞ በቁጥሩ የሚታወቅበት ነው፤ ታናሹ ግን ቀድሞ የመኖሪያ ቪላ የነበረ፣ ሳሎኑ አንደኛ ክፍል፣ ማድ ቤቱ ቤተ መጻሕፍት፣ ጋራዡም (እግዜር ይቅር ይበለን) ቤተ ሙከራ የተሰኘበት፣ በደጁም «ዓለም አቀፍ አካዳሚ» የሚል ሰሌዳ የተሰቀለበት ነው። ስለ ጥበቱ ቢጠየቁ የታናሹ ዳይሬክተር «እኛ ዘንድ ለእያንዳንዱ ልጅ ልዩ ክትትል አለ» ይላሉ፤ ስለ ብዛቱ ቢጠየቁ የታላቁ «ልጅ ከሰው ጋር መኖርን ይማራል» ይላሉ፤ የሁለቱም እጅ ግን ይህ ሲነገር ደረሰኝ ከመቁረጥ አላረፈም።

በቀድሞው የቄስ ትምህርት ቤት ግን የኔታ ከዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጠው፣ ፊደል ቆጣሪውን ለዳዊት ደጋሚው አስረክበው፣ በረጅሙ አርጩሜያቸው እስከ ኋለኛው ረድፍ ሲደርሱ፣ የመምህርና የተማሪ ምጣኔን የጠየቃቸው አልነበረም። በ1900 ዓ.ም. ገደማ የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ከግብፅ በመጡ መምህራን ሲከፈትም የካህናቱ ሥጋት ስለ ሃይማኖት እንጂ ስለ ግቢው ስፋት አልነበረም።

አባትየው ግን ይህን ሁሉ መዝኖና አነጻጽሮ ሲያበቃ፣ የመረጠው አውቶቡሱ በደጁ የሚያልፍለትን ነው።