ልደቷን የምታውቅ ከተማ

ከቴል አቪቭ በስተደቡብ ከሚገኙት ከገደራ፣ ከያቭኔና ከቅርያት መላኺ መካከል የተቆረቆረችበትን ቀን ያለ ሙግት የምትናገረው ገደራ ናት። ከሩስያ ግዛት የመጡት የ«ቢሉ» ማኅበር ወጣቶች፣ ብዙዎቹ ከተማሪ ቤት የወጡና ከብዕር ወደ ማረሻ ከተሻገሩ ሁለት ዓመት ያህል ብቻ የሆናቸው ሲሆኑ፣ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1884 በሐኑካ ሰሞን፣ ቃጥራ ከምትባል የአረብ መንደር አጠገብ ይሒኤል ፒነስ የተባለ ሰው በገዛው መሬት ላይ ሰፈሩ። የተማረ ገበሬ እርሻው ባያምርለት እንኳ መዝገቡ ያምርለታልና፣ ያ ሰሞን እስከ ዛሬ አልተረሳም።

ያቭኔ ግን በዕድሜ የገደራ ቅድመ አያት ብትሆንም የልደት ቀን የላትም። በሁለተኛው የዜና መዋዕል መጽሐፍ ስሟ የሚነሣው ንጉሥ ዖዝያን ቅጥሯን ሲያፈርስ ነው፤ ኢየሩሳሌም እ.ኤ.አ. በ70 ከጠፋች በኋላም ወር የሚጠባበትን ቀን የሚወስኑ ሊቃውንት መቀመጫ ሆና ሳለ የራሷን ቀን የወሰነላት አልተገኘም። ቅርያት መላኺ ለአዲስ ገቢዎች ከተተከለ ጊዜያዊ ሰፈር (በዕብራይስጡ «ማዓባራ») ተነሥታ በ1951 የተቆረቆረች ስትሆን፣ ስሟም «የመላእክት ከተማ» ማለት ሆኖ ገንዘብ ያዋጡላትን የሎስ አንጀለስ አይሁዶች ያስታውሳል፤ የመላእክት ስም ይዞ በድንኳን መኖር ምን ያህል እንደሚመች የሚያውቁት የመጀመሪያዎቹ ነዋሪዎች ናቸው።

ነገሩ የሚጣፍጠው ገደራ መቶኛ ዓመቷን በደፈነችበት በታኅሣሥ 1984 ነው፤ በዚያው ወር፣ የሙሴ ዘመቻ በተባለው የምሥጢር በረራ፣ ቤተ እስራኤል የሚባሉት ኢትዮጵያውያን አይሁዶች ከሱዳን ወደ እስራኤል ይጓጓዙ ነበር። ኋላ ገደራ፣ በተለይም ሻፒራ በተባለው ሰፈር፣ የገቡት ሽማግሌዎችና ባልቴቶች ሁለት በዓል በአንድ ጊዜ መልመድ ነበረባቸው፤ በኦሪት ሥርዓት የኖሩት ቤተ እስራኤል ሲግድ የተባለውን በዓላቸውን እንጂ ሐኑካን አያከብሩም ነበርና፣ በዘይት የተጠበሰው ሱፍጋኒያ የሐኑካ ይሁን የከተማዋ ልደት ለመለየት ያስቸግራል።

የራሳቸው ልደት ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። በጎንደር ገጠር ዕድሜ የሚቆጠረው «ጣልያን ሲገባ ጡት የጣለ» እየተባለ ስለ ነበር፣ ቀንና ወር የሚጠይቀው መዝጋቢ ለብዙዎች ጃንዩዋሪ 1 ብሎ ጽፎ ተገላግሏል፤ በዚህም የተነሣ ባልና ሚስት፣ ጎረቤትና ባላንጣ፣ አማትና ምራት በመታወቂያ ላይ በአንድ ቀን ተወልደዋል። እንዲህ ያለ መታወቂያ በመቀነቷ ቋጥራ፣ ነጠላዋን ተከናንባ፣ በገደራ የልደት በዓል መድረክ ፊት በፕላስቲክ ወንበር የተቀመጠች ባልቴት ከተማዋ መቶ አርባ ዓመት ሞላት ሲሏት «ማን ቆጠረላት?» ብላ ብትጠይቅ፣ የልጅ ልጇም «ሞዓጻው ነው፣ እማማ» ብላ የከተማዋን ምክር ቤት ብትጠቅስ፣ «እንግዲያ ልጄ፣ ነገ ሄደሽ የእኔንም አስቆጥሪልኝ» ማለቷ አይቀርም።