ብረቱ ያንተ፣ ዛቢያው የጎረቤት

ሚዛን ገበያ ላይ ዶማ የሚገዛን ሰው ልብ ብላችሁ እዩት። ብረቱን ያገላብጣል፣ በጥፍሩ ያንኳኳል፣ ድምፁን ጆሮውን ዘንበል አድርጎ ያዳምጣል፣ "የባሌስትራ ነው?" ብሎ ይመረምራል፣ በዋጋው ግማሽ ቀን ይከራከራል። ስለ ዛቢያው ግን ትንፍሽ አይልም። ዛቢያ ምን ችግር አለው? ከሸኮ እስከ ቴፒ አገሩ ሁሉ ዛፍ ነው።

ችግሩ የሚመጣው ከለቀማው በፊት የቡናው ሥር ሊመነጠር ሲል ነው። ያን ጊዜ ሰፈሩ ለሁለት ይከፈላል፤ ተነቃይ ዛቢያ የሚሉና ቋሚ ዛቢያ የሚሉ።

ተነቃዮቹ ብልሆች ነን ይላሉ። እውነትም የዶማ አሠራር ለነሱ ያደላል። ዛቢያው በቀጭን ጫፉ ገብቶ ወፍራሙ ጫፍ ዓይኑ ላይ ይታነቃል፤ በተሰነዘረ ቁጥር ይበልጥ ይጠብቃል፤ ለመንቀል ብረቱን ወደ ላይ አድርጎ ቀጭኑን ጫፍ ድንጋይ ላይ መምታት ይበቃል። ስለዚህ አባወራው ለሦስት ብረት አንድ ዛቢያ ይይዛል። ቁጠባ ነዋ! በማግስቱ ልጁ ዛቢያውን ይዞ ጉድጓድ ሊቆፍር ይወጣል፣ አባትየው ሁለት ብረት ታቅፎ ደጅ ላይ ይቀመጣል። ልጁ ተመለሰ ሲባል ደግሞ ጎረቤት ብቅ ይላል። "ጋሼ፣ ዛቢያዎትን ለአንድ አፍታ?" ዶማ ቢለምን "እኔም እፈልገዋለሁ" ማለት ይቻል ነበር። እንጨት ግን ማን ይከለክላል? ሞረድ ያላቸውማ ነገሩን ጨርሰውታል፤ ሹል ጭራው ላይ የበቆሎ ቆረቆንዳ ይሰኩበታል፣ ሲሰበር ሌላ ቆረቆንዳ።

ቋሚዎቹ ይህን እያዩ ይስቃሉ። እነሱ በየዳ ቤት ሄደው የብረት ቱቦ አስበይደዋል፤ "ለልጅ ልጅ ይተርፋል" ይላሉ። ቱቦው በርግጥ አይሰበርም። ድንጋይ ሲመታ ግን ንዝረቱን ሳያጎድል እስከ ትከሻ ያደርሳል፤ እንጨት ያንን ንዝረት በመሃል ያስቀርላቸው ነበር። ከሰዓት ላይ መዳፋቸው ውሃ ቋጥሮ ገበታ ላይ እንጀራ መቁረስ ያቅታቸዋል። ብረቱ ሲያልቅ ደግሞ ያንኑ ቱቦ ለማስቆረጥና ለማስበየድ ዳግመኛ ይከፍላሉ።

(በነገራችን ላይ ይህ ክርክር የገበሬ ብቻ አይደለም። በ2014 ዓ.ም. የተመሠረተው የደቡብ ምዕራብ ክልልም መቀመጫውን አንድ ቦታ ከመቸንከር ይልቅ ለቦንጋ፣ ለተርጫ፣ ለሚዛን አማንና ለቴፒ አካፍሎታል። ከየትኛው ወገን እንደሆነ እናንተው ፍረዱ።)

ሁለቱም ወገን የማያነሣው ነገር አለ፤ እርጥብ እንጨት። ሰውየው ጠዋት ወደ ሥራ ሲሄድ መንገድ ላይ ያገኘውን ቆርጦ፣ ልጦ፣ እዚያው መጥረቢያው ላይ ይሰካዋል። እንጨቱ ሲደርቅ ይከሳል፤ ዓይኑ ውስጥ ይላላል። አንድ ቀን የመጥረቢያው ብረት ተፈትልኮ በጎረቤት ጆሮ ግንድ ስር ያልፋል። ሁሉም "እግዜር አተረፈህ" ብሎ ይስቃል። ባለቤቱ ሽብልቅ ከመምታት ይልቅ መጥረቢያውን ባልዲ ውስጥ ዘፍዝፎ ያሳድረዋል። ያ ሁሉ ዝናብ በሚወርድበት አገር ለእንጨት ውሃ መቅዳት! ጠዋት ሲያየው አብጦ ጠብቋል፤ ደስ ይለዋል። ነገር ግን ያበጠው እንጨት ከብረቱ ጋር ሲተሻሽ ጅማቱ ይደቅቃል፤ ሲደርቅ ከቀድሞው ይብሳል። እንደገና ባልዲ። መጥረቢያው እንደ ባቄላ እየተዘፈዘፈ ክረምቱ ያልፋል።

የሚገርመው ጥሩው ዛቢያ እግሩ ስር መውደቁ ነው። ያረጀ ቡና ሲጎነደል፣ ከመሬት አንድ ክንድ ያህል ጉቶ ቀርቶ ግንዱ ይወገዳል። የቡና ግንድ ጠንካራና ድፍን ነው፤ ቀጥ ያለው ተመርጦ ማድ ቤት ቆጥ ላይ ጭስ እየጠጣ ወራት ቢቆይ ለእጀታ የሚሆን እንጨት ይወጣዋል። የኛ ሰው ግን ግንዱን አንድዶ ቡና ያፈላበታል፣ ቡናውን እየጠጣ ስለ ዛቢያ ይከራከራል።

እናም ወንድሜ፣ ነቅለህ ብትሰካም በይደህ ብትጨርስም የራስህ ጉዳይ ነው። የዛሬውን ግንድ ግን ቆጥ ላይ ስቀልልን፤ አጠገብህ የምንቆፍረው ሰዎች ጭንቅላታችን ተነቃይ አይደለም።