መሬት ይውጠዋል ያለው ማነው?

በሃይፋው ኔቬ ዮሴፍ ሰፈር በጥር ሰማዩ ሲያጓራ «ምነው፣ በበጋ መብረቅ?» የሚሉ እናቶች አሉ። እማማ፣ ጎንደር ቢሆን አዎ በጋ ነበር። ሃይፋ ግን ክረምቷ ሌላ ነው፤ ዝናቡም መብረቁም ከጥቅምት እስከ ሚያዝያ በባሕሩ በኩል ይመጣል።

«ታዲያ ከዛፉ ሥር እጠለላለሁ።»
ዛፉ ከእርስዎ ይረዝማል፤ ቀድሞ የሚመታው እሱ ነው። ከግንዱ ወደ እርስዎ ለመዝለል ደግሞ ማንንም አያስፈቅድም።

«የጎማ ጫማ አድርጌያለሁ እኮ!»
ኪሎ ሜትሮች አየር ሰንጥቆ የወረደውን የአንድ ጣት ጎማ ይመልሰዋል?

«ቀይ አልለበስኩም።»
መብረቅ ቀለም አይለይም። ከፍ ያለውን ነው የሚያየው።

«ግድ የለም፣ መሬት ይውጠዋል።»
ይውጠዋል፤ ግን በአንድ ጉርሻ አይደለም! ነገሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። በመብረቅ ዙሪያ ያለውን የኤሌክትሮማግኔት መስክ የሚያሰሉ ሰዎች፣ ስሌቱ እንዲቀልላቸው መሬቱን እንከን የለሽ አስተላላፊ ያደርጉታል። ከመሬት በታች የመብረቁን አምሳያ ያስቀምጡና የሁለቱን መስክ ይደምራሉ፤ በገጹ ላይ አግድሙ የኤሌክትሪክ መስክ ዜሮ ይሆናል። ለጨዋማው ባሕር ይህ ከእውነት ብዙም አይርቅም። ለቀርሜሎስ ተራራ የኖራ ድንጋይ ግን አይሆንም፤ የኩሬይና ሩቢንስታይን ቀመር የሚባለውም የመጣው በደንብ በማያስተላልፍ መሬት ላይ የሚቀረውን አግድም የኤሌክትሪክ መስክ ለማስላት ነው።

ከእግራችን በታች ያለውን ቮልትማ በወረቀት ማስላት ይቻላል። 30,000 አምፔር መብረቅ የኤሌክትሪክ መቋቋሙ 100 ኦም-ሜትር በሆነ አፈር ውስጥ ወደየአቅጣጫው ይሠራጫል እንበል። ከወደቀበት 10 ሜትር ርቆ፣ ፊቱን ወደዚያው አድርጎ ግማሽ ሜትር የተራመደ ሰው በሁለት እግሮቹ መካከል ከ2,000 ቮልት በላይ ያገኛል። የፊትና የኋላ እግሯ በአንድ ሜትር ተኩል የተራራቀ ላም ከ6,000 በላይ። የላሟ ደግሞ በልቧ በኩል ያልፋል። አንድ መብረቅ ዛፍ ሥር የቆመን መንጋ ሳይነካው የሚጥለው በዚህ ነው። መሬቱ ደረቅ ድንጋይ ከሆነማ ይብሳል።

«እንግዲያው ምን ይሻላል?»
ነጎድጓድ ሲሰማ ቤት መግባት፣ ቤት ከራቀ ጣሪያው ብረት የሆነ መኪና ውስጥ። ሜዳ ላይ የተያዘ ደግሞ እግሩን ገጥሞ ቁጢጥ ይበል፤ አይተኛ። ሐምሌ ላይ አገር ቤት ስትደውሉም ከሰላምታው ቀጥላችሁ «ሲያጓራ ከብቱን ከዛፍ ሥር አርቁ፣ እረኛውንም አስገቡ» በሏቸው።