በቁጠባ መክሰር

ምድጃና መጸዳጃ ለተገጠመለት መኪና የቤት ዋጋ የከፈለ አውሮፓዊ ጡረተኛ፣ ምሽቱን የሚገፋው በአዳር ጥቂት ዩሮ የሚያስቀንስለትን የካምፕ ካርድ ሲያማርጥ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1965 የተመሠረተው የኔዘርላንዱ ኩባንያ ኤሲኤስአይ የሚያወጣው ካርድ ሁለት አዋቂዎችንና አንድ ውሻ በቁርጥ ዋጋ ያሳድራል። ውሻው እንኳ አልተረሳም! ችግሩ በጁላይና በኦገስት፣ አገር ምድሩ ለእረፍት ሲወጣ፣ ቅናሹም በአብዛኛው አብሮ እረፍት መውጣቱ ነው።

ፍራንስ ፓሲዮን የተባለው የአዳር መርሃ ግብር ደግሞ ይባስ ቸር ነው። ዓመታዊ ክፍያውን ለፈጸመ ሁሉ በፈረንሳይ ወይን አምራቾችና ገበሬዎች ግቢ እስከ 24 ሰዓት በነጻ ያሳድራል። የመግዛት ግዴታ የለም።

ግን ባለቤቱ ጠርሙስ ከፍቶ «ቅመሱ እንጂ!» ሲል ማን ይጨክናል? ለአዳር አምስት ሳንቲም ያላወጣው እንግዳ ጠዋት አንድ ካርቶን ወይን ይጭናል፤ ሚስቱም አይቧን ታቅፋ የቆጠቡትን ታሰላለች።