አሥራ አምስት ደቂቃ ምን ያንሳታል?

እንግሊዞች ጊዜ መቁጠር ያውቁበታል። አንዲት አሮጊት ከአልጋዋ ተነሥታ፣ ታጥባ፣ ለብሳ፣ ሽንት ቤት ደርሳ፣ ቁርሷን ቀምሳ መድኃኒቷን ለመዋጥ አሥራ አምስት ደቂቃ ይበቃታል ያሉ ካውንስሎች፣ ማለትም የአካባቢ መስተዳድሮች፣ ሞልተዋል። እኛ ዘንድ በአሥራ አምስት ደቂቃ ቡናው ገና ታጥቦ ብረት ምጣድ ላይ መንጣጣት ቢጀምር ነው፤ አቦሉማ የት ተደርሶ! «እንዴት አደሩ?» ማለት ብቻውን ሁለት ደቂቃ ስለሚበላ፣ ብልህ ካውንስል ሒሳብ ውስጥ አያስገባውም። እርግጥ የአገሪቱ የጤናና የእንክብካቤ መመሪያ አውጪ ተቋም፣ ናይስ፣ እ.ኤ.አ. በ2015 ከተወሰኑ ሁኔታዎች በቀር ቆይታው ከግማሽ ሰዓት እንዳያንስ መክሯል። ምክር ግን በጀት የለውም።

ይህ ሁሉ ጥበብ የማይገባው አንድ ፍጡር አለ፤ የሠራተኛ ማኅበር ይባላል።

በርሚንግሃምን እንይ። ማዕከላዊው መንግሥት ከ2010 ጀምሮ «ቁጠባ» እያለ ለካውንስሎች የሚሰጠውን ገንዘብ ሲሸረሽር፣ የከተማዋ ሹማምንት ዞር ዞር ብለው የሚቀነስ ነገር ፈለጉ። ዓይናቸው ያረፈው ከሆስፒታል የወጡ ሕሙማንን ቤታቸው ድረስ እየሄዱ በእግራቸው በሚያቆሙት ተንከባካቢ ሴቶች ላይ ነበር። ለእነሱ የተሰነጠቀ ፈረቃ ተዘጋጀላቸው፤ ጠዋት ጥቂት፣ ቀን ጥቂት፣ ማታ ጥቂት። በመሐል ያለው የማይከፈልበት ሰዓት የግላቸው ነው። ዝናብ ካልጣለ መናፈሻ ወንበር ላይ ተቀምጠው የካውንስሉን ደግነት ሊያሰላስሉበት ይችላሉ። የዚህ ዓይነቱ ነገር ስሙ መቼም ቅነሳ አይባልም፤ «ማሻሻያ» ነው። በአገራችን ቢፒአር የተባለው የሥራ ሂደት ለውጥ ያለፈበት ሰው ቃሉን ሲሰማ ወንበሩን አጥብቆ ይይዛል።

ሴቶቹ ዩኒሰን ከተባለው የሠራተኛ ማኅበር ጋር ሆነው በ2018 አድማ መቱ፤ ነገሩ እስከ 2019 ዘለቀ። በካውንስሉ ወንበር ላይ የነበረው ፓርቲ ስሙ ራሱ ሌበር፣ ማለትም ሠራተኛ መሆኑን አትርሱ። በእንዲህ ያለ አድማ ጊዜ ሁልጊዜ የሚሰማ አንድ ልብ የሚነካ ጩኸት አለ፤ «አረጋውያኑን ጥለው ወጡ!» ለአንድ ሰው ሩብ ሰዓት ቆርሶ የሚሰጥ መሥሪያ ቤት፣ ያ ሰው የቀረውን ቀን ሁሉ ብቻውን መዋሉ ትዝ የሚለው አድማ ሲመታ ብቻ ነው።

የበርሚንግሃም ሴቶች ግን አመላቸው የቆየ ነው። ካውንስሉ ለቆሻሻ ሰብሳቢዎችና ለመንገድ ጠራጊዎች፣ ማለትም ለወንዶቹ፣ ቦነስ ሲከፍል፣ ሥራቸው እኩል ተመዝኖ ሳለ ለወጥ ቤት ሠራተኞች፣ ለጽዳትና ለእንክብካቤ ሴቶች አልከፈለም። ሰው የሚያጎርሱት እነሱ፣ ጉርሻው የሌላው! ጉዳያቸውን ይዘው የሄዱ 174 የቀድሞ ሠራተኞች በ2012 የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ድረስ ዘልቀው ረቱ። እንዴት ያለ ክፋት ነው፣ በሕግ መርታት።

መስከረም 2023 መግቢያ ላይ ካውንስሉ በጀቴን ማመጣጠን አልቻልኩም ብሎ አወጀ፤ በተራው ሰው ቋንቋ ከሰረ። ምክንያቱን ሲዘረዝር የሴቶቹ የእኩል ክፍያ ዕዳ እስከ 760 ሚሊዮን ፓውንድ ሊደርስ ይችላል ተባለ። ወዲያው «ሴቶቹ ከተማዋን አከሰሯት» የሚል ሐሜት ሆነ። ዕዳ የሚከማቸው ሳይከፈል ሲቀር መሆኑን ለማስታወስ እዚህ ቦታ የለንም። በዚያው ሰሞን አንድ የኦራክል ኩባንያ የኮምፒውተር ሒሳብ ሥርዓት በ19 ሚሊዮን ተጀምሮ ግምቱ ወደ 100 ሚሊዮን ፓውንድ ተተኩሷል። ኮምፒውተሩ ግን አድማ መትቶ አያውቅም፤ ጨዋ ነው። በዓመቱ የሁለት ዓመት የ300 ሚሊዮን ፓውንድ ቅነሳ ጸደቀ፤ የነዋሪው ግብርም አሥር በመቶ ገደማ ወጣ።

ዩኒሰን በእንቅልፍም ቢሆን አያርፍም። ሌሊቱን በአካል ጉዳተኛ ሰው ቤት የምታድር ተንከባካቢ፣ ድምፅ በሰማች ቁጥር ብድግ ማለት ካለባት ሌሊቱ ሁሉ ሥራ ነው ብሎ ተከራከረ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በመጋቢት 2021 ዝቅተኛው የደመወዝ ወለል የሚታሰብላት ለሥራ በነቃችበት ሰዓት ብቻ ነው አለ። በአንድ ጆሮ መተኛት እረፍት ከሆነ፣ የሕፃን እናቶች ሁሉ ዓመቱን ሙሉ ፈቃድ ላይ ናቸው ማለት ነው።

ደግሞ አልተመሰገኑም እንዳይባል! በ2020 ወረርሽኝ ጊዜ አገሩ በሙሉ አሥር ሐሙስ፣ በእኛ አቆጣጠር ማታ ሁለት ሰዓት ሲሆን፣ በር ላይ ወጥቶ አጨበጨበላቸው፤ ድስትም ተመታ። የጤና ሚኒስትሩ ማት ሃንኮክ ደግሞ «ኬር» የሚል ጽሑፍ ያለበት አረንጓዴ ባጅ አስተዋወቁ። ማኅበሩ ይህን ሁሉ ክብር አይቶ አሁንም ስለ ፓውንድ ያወራል። ጭብጨባ ለቤት ኪራይ የማይቀበል አከራይ ካለ ጥፋቱ የአከራዩ ነው።

ሠራተኛ ሲጠፋስ? በየካቲት 2022 የአገሪቱ በር ለውጭ አገር ተንከባካቢዎች ወለል ተደርጎ ተከፈተ። በመጋቢት 2024 አዲስ ለሚመጡት ቤተሰብ ማምጣት ተከለከለ፤ የራስሽን ልጅ ለእናትሽ ትተሽ ነይና የእኛን እናት ጡሪ ማለት ነው። በሐምሌ 2025 በሩ ራሱ ከውጭ ለሚቀጠሩት ተዘጋ። የተቀነሰችውን የአገሩን ሴት መልሶ በደንብ ደመወዝ መቅጠር የሚባለው መላ ግን ገና ለማንም አልተገለጠም።

እስከዚህ ለማንበብ አምስት ስድስት ደቂቃ ሳይወስድባችሁ አይቀርም። አሮጊቷ አንዱን እጅጌዋን አጥልቃለች፤ ተንከባካቢዋም ሰዓቷን አየት አድርጋ ሌላኛውን እያቀናችላት ነው።